በወይራ የታጠነ ጠርሙስ

በሕይወቴ እንደዚያን ዓመት ተጠልቼ አላውቅም። በሰው ያስጠላችኝም ከመዳፍ የምታንስ ነጭ ክብ ማጣሪያ ናት። ሜምብሬን ፊልተር እንላታለን። ላይዋ ላይ እንደ ሒሳብ ደብተር አራት ማዕዘን መስመሮች አሉ፤ ቀዳዳዎቿ ግን በዓይን አይታዩም። በፓምፕ ስንስበው ውሃው ያልፋል፣ ባክቴሪያው ላይዋ ላይ ይቀራል። ከዚያ በወረንጦ አንስተን፣ ባክቴሪያ የሚመገበውን ቀይ ፈሳሽ በጠጣ ወረቀት ላይ እናስተኛታለን። ክዳን ባለው ትንሽ ሳህን ሆና ኢንኩቤተር የምንለው ሙቀት ያለው ሳጥን ውስጥ ታድራለች። ከሰገራ የመጣ ባክቴሪያ ካለ በማግስቱ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይበቅላል። ይኸው ነው። ጥንቆላም የለበትም፣ የኔ አስተያየትም የለበትም። ይህንን ግን ለአጎቴ ማን ይንገረው!

የምሠራው ደሴ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የዚያን ጊዜ ጥናቴ በሐይቅ ከተማና በአርዲቦ ሐይቅ መሃል ባሉ የመጠጥ ምንጮች ላይ ነበር። ከምንጮቹ አንዱ የተወለድኩበት መንደር ምንጭ ነው። «ያንን መዝለል ነበረብሽ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የራሴን መንደር ዘልዬ የሌላውን ሰው ውሃ ላጋልጥ? እንዲህ ያለ መካሪ ሲገጥመኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የኛ ምንጭ ማጣሪያ ከሳጥኑ ስትወጣ ቢጫው መስመሮቹን ሸፍኗቸው ነበር። ለመቁጠር እንኳ አይመችም። ከምንጩ ራስጌ ከብት ይውላል፣ ሰውም ይጸዳዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል፤ ይህንን ለማወቅ ትምህርት አያሻም። ስህተት ይሆናል ብዬ ሌላ ውሃ አስቀድቼ ደግሜ አጣራሁ። ያው ሆነ። ለእናቴ ደወልኩና «እማ፣ ውሃውን እያፈላሽ ጠጪ» አልኳት። ውጤቱን ደግሞ እንደ ደንቡ ጥናቱን ለሚደግፈው ፕሮጀክት ሰጠሁ።

ፕሮጀክቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ክሎሪን አላመጣ፣ ከብቱ እንዳይደርስ አጥር አላጠረ። አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ በቀይ «ይህ ውሃ በሰገራ ስለተበከለ ሳይፈላ አይጠጣ» ብሎ ጽፎ ምንጩ አናት ላይ ቸነከረና ሄደ። ምንጩ መንገድ ዳር ነው። ወደ ሐይቅ ገበያ የሚወርደው ሁሉ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ያነብለታል። መንደሬ በአንድ ገበያ ቀን የአገር መሳቂያ ሆነ። የማን ልጅ እንዳስጻፈችው ለመጠየቅ ደግሞ ማንም አልደከመም።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው። የቅሬያችን ሰብሳቢም እሱ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ለቀስተኛውን የሚያበላው ቅሬው ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ እኛ ያለቀስነው ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ እነሱ አድርገውታል። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ የተቀበረ ነው፤ ሲሞት ደግሞ የሚቀብረው የለም።

አጎቴ ቆርቆሮውን ነቅሎ እናቴ ደጃፍ ላይ ወረወረው። «እንኪ፣ ልጅሽ ያስጻፈችውን» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ፤ እናቴንም ከቅሬው አስወጧት። በሳምንቱ ጎረቤት ሞቶ እናቴ እንጀራና ወጥ በመሶብ ይዛ ለቅሶ ቤት ብትሄድ የሚቀበላት ጠፋ። ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ መሶቡን ላኩላት፤ አልተከፈተም።

ይህንን በስልክ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ሰው ሳይቆምልኝ ልቀበር ነው» ብቻ ነው ያለችኝ። እናቴ ሞትን አትፈራም፤ የምትፈራው ያለ ሰው መቀበርን ነው። እኔ ደግሞ እንዳትታመም ብዬ ነበር ውሃ አፍዪ ያልኳት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሐይቅ፣ ከሐይቅ በባጃጅ ወደ መንደር ወጣሁ። አጎቴን ያገኘሁት ከመስጊድ ሲወጣ ነው። ሰላም አልኩት፤ መለሰልኝ፣ ግን ዓይኔን አላየኝም።

«ጋሼ፣ ውሃው ለዉዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ አይሆንም አላልኩም» አልኩት። «ለሆድ አይሆንም ነው ያልኩት።»

«ውሃ ቀለሙ፣ ሽታው፣ ጣዕሙ ካልተለወጠ ጦሃራ ነው፣ ንጹሕ ነው። ይህን ቁርአን ቤት ተምረሻል።»

«ተምሬያለሁ። አልካድኩም።»

«ታዲያ ሰገራ አለበት ማለት ምን ማለት ነው? ሰገራ ካለበት ነጃሳ ነው። ነጃሳ ከሆነ ያ ሁሉ ሶላታችን ምን ሊሆን ነው? አባትሽን አጥበን የቀበርነው በዚያ ውሃ ነው። ወላሂ፣ አባትሽን ተመቃብሩ አውጥተሽ ነጃሳ አለበስሽው!»

ከልቡ ነው የተቆጣው፤ ይህም ይበልጥ አበሸቀኝ። የሚያስመስል ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የሚያስመስልን ሰው ማሳፈር ይቻላል። «አባቴን እዚህ ውስጥ አያስገቡት» ብዬ ጮህኩበት። መንደርተኛው ቆሞ ይሰማ ነበር። ማንም «ተዉ» አላለም፤ ደስ ብሏቸው ነው።

ብዙ ከተጯጯኽን በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማማን፤ ውሃው እንደገና ይመርመር። «የምትቀጂው ግን አንቺ አይደለሽም» አለ አጎቴ። «ጠርሙሱንም አንቺ አትይዥውም።» ማን ይቅዳ ሲባል እናቴ ትቅዳ ተባለ። ከቅሬው የወጣችው እሷ ስለሆነች ውሃውን ለማበላሸት ምክንያት የላትም፣ ብታበላሸውም በራሷ ላይ ነው ብለው ነው። ሒሳባቸው አይናቅም። ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ቀቅዬ ያመጣሁትን የመስታወት ጠርሙስ እንደተጠቀለለ ለእናቴ ሰጠኋት። «ነገ ጠዋት የቅሬው ሽማግሌዎች ፊት ትቀጃለሽ። ውስጡን በእጅሽ እንዳትነኪው፣ እንዳታጥቢውም» አልኳት። «እሺ» አለች። ወደ ደሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ አጎቴ ጠርሙሱን፣ ከሐይቅ ዓሣ ሻጮች በለመነው በረዶ ከብቦ፣ በፌስታል አቅፎ መጣ። እንዳልለውጠው ሊጠብቅ ነው የመጣው። ላቦራቶሪው ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዱላውን ጉልበቱ መሃል አቆመ። «በይ ቀጥዪ፤ እጅሽን እያየሁ ነው» አለኝ።

ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኛለሁ። ወረንጦውን አልኮል ውስጥ ነክሬ በእሳት አነደድኩ።

«እሳቱ ለምን አስፈለገ?»

«እጄ ላይ ያለው ቆሻሻ እንዳይገባ ነው፣ ጋሼ።»

«እጅሽ ቆሻሻ ነው ማለት ነው?»

«የሰው ሁሉ እጅ ቆሻሻ ነው።»

«የኔን ተዪው» አለ፤ መዳፉን አገላብጦ እያየ።

ፓኬቱ ውስጥ የቀሩት ማጣሪያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ለጥናቴም አይበቁኝ። አንዷን ከሰማያዊ መሸፈኛዋ ለይቼ ፓምፑ ላይ አስቀመጥኩ፣ ማፍሰሻውን ገጠምኩባት፣ ውሃውን ለክቼ አፈሰስኩ። ፓምፑ ሲጮህ አጎቴ ደንግጦ ቢስሚላህ አለ። ውሃው አልፎ ሲያልቅ ማጣሪያዋን አንስቼ ሳህኗ ላይ አስተኛኋትና ከጦርነቱ የተረፈችው አንዲት ኢንኩቤተራችን ውስጥ አስገባኋት። የተረፈውን ውሃ ፍሪጅ ከተትኩ። አጎቴ የፍሪጁንም የኢንኩቤተሩንም ቁልፍ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ዘመድ ቤት አደረ፤ ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሳህኗን ራሱ እንዲያወጣት አደረግሁ። ክዳኑን ስከፍተው ማጣሪያዋ ነጭ ናት። አንድም ነጥብ የለባትም።

«ይህ ነው?» አለኝ።

«ይህ ነው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ስልኩን አወጣ። ሳህኗን ከላይም ከጎንም ፎቶ አንስቶ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ላከ። የወንድሙ ልጅ መሆኔ ትዝ ያለው ያኔ ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ለእናቴ ደወለ። እናቴ እልል ስትል ከስልኩ ውስጥ ሰማኋት።

ደስ ሊለኝ በተገባ። እኔ ግን ሳህኗን ማየቴን አልተውኩም። እጅግ ጥሩ የሚባል ምንጭ እንኳ እንዲህ ባዶ አይወጣም። ከአፈር የመጣ፣ ሰው የማይጎዳ ሮዝ ነጥብ አንድ ሁለት አይጠፋም። እዚህ እሱም የለም። የፍሪጁን ቁልፍ ከአጎቴ ተቀብዬ የተረፈውን ውሃ አወጣሁ። ማስኬን አውርጄ የጠርሙሱን አፍ አሸተትኩ። ጉንፋንም ይዞኝ አልጠፋኝም፤ ወይራ ነው።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ ጠርሙሱን ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንዳልሽኝ በጄ አልነካሁት፣ አላጠብኩት። አጠንኩት እንጂ።»

«ለምን?»

«ኸረ ምን ነካሽ! ሽማግሌ ፊት ባልታጠነ ዕቃ ውሃ ልቅዳ? ያንቺ ጠርሙስ ደግሞ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ውሃው ተኔ ቤት ሄዶ ደሴ ድረስ ሲከፈት ምን ይሉኛል?»

እናቴ በሕይወቷ ያልታጠነ ዕቃ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። የወተቱም የውሃውም ዕቃ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ ጭሱን ሳይጠግብ ከቤቷ አይወጣም። ጭሱ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ወተት የሚቆይላት ለዚህ ነው። የኔንም ጠርሙስ ጭሱን አጥግባዋለች። ስንት ነገር አትንኪ ብዬ ስዘረዝር ይህ ለሐሳቤም አልመጣ። ለማንስ ይመጣል?

«ጋሼ፣ ይህ ውጤት አይሆንም» አልኩት። «ጠርሙሱ ታጥኗል።»

አጎቴ ሳቀ። «ስታሸንፊ ማሽኑ ደህና፣ ስትሸነፊ ጠርሙሱ ታጠነ።»

«ያሽትቱት።»

«አላሸትም። ሌላ ውሃም አይቀዳም። አንድ ላንቺ ወጣ፣ አንድ ለኛ ወጣ። በቃ!» ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ሁሉ ተዪው አሉኝ። እናትሽ ቅሬዋ ገባች፣ ቆርቆሮው ተነሳ፣ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ነጯ ሳህን በየስልኩ ተሰራጭታ፣ ውሃ ማፍላት ጀምረው የነበሩት ጥቂት ሴቶችም ትተውት ነበር። ልጅ የሚያጠቡ፣ ጡጦ የሚሞሉ ሴቶች ናቸው። ያችን ሳህን ያወጣችው የኔ እጅ ናት። ዝም ብል ሰው ሁሉ ይወደኝ ነበር፤ መወደድ በዚህ ዋጋ ከሆነ ይቅርብኝ። በሳምንቱ መንደር ወጣሁና ምንጩ ዳር ለተሰበሰቡት ሴቶች እቅጩን ነገርኳቸው። ማታውን እናቴ እንደገና ከቅሬው ወጣች።

ያኔ ነው ነገሩ ወደ አበጋር የሄደው። አበጋር እኛ አገር ደም እንኳ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። የኛን ነገር የያዙት ከአምባሰል በኩል የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ቅሬው በሙሉ ምንጩ አጠገብ ተሰበሰበ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ቆማለች፤ አጠገቧ ልቆም ስሄድ ፈቀቅ አለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ አበጋሩ። ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ሁሉ ገላመጠኝ።

አጎቴ ስልኩን ከፍ አድርጎ ነጯን ሳህን አሳየ። እኔ ስለ ጭሱ ተናገርኩ። አበጋሩ ሁለታችንንም ሳያቋርጡ ሰሙን።

«ልጄ፣ ዋሽታለች የሚልሽ እዚህ የለም» አሉኝ።

«አለ» አልኩ፤ አጎቴን እያየሁ።

«አንቺም እንግዲህ ውሃችሁ አይጠጣም አትበያቸው።»

«ሳይፈላ አይጠጣም።»

ጉርምርምታው ከየአቅጣጫው ተነሳ። አንዲት አብራኝ የተማረች ሴት «ትዕቢተኛ!» ስትል ሰማኋት። የሷ ልጅ ደረቷ ላይ ተኝቶ ጡጦ ይጠባል። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ጠላኋቸው፤ አንድ ሰው አላስቀረሁም።

አበጋሩ እጃቸውን ዘረጉ። «ይህ ክርክር ማለቂያ የለውም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። እናትየዋና ልጅቱ ከምንጩ አንዳንድ ጣሳ ይጠጡ። አልናቅናችሁም ማለታቸው ነው። ቅሬውም ሴትዮዋን ይቀበላል። ዱዓ አድርገን እንለያይ።»

ሁሉም «ጥሩ ነው» አለ። ሁለት ጣሳ ተቀዳ። እናቴ የሷን ተቀብላ ቢስሚላህ ብላ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። የኔ እጄ ላይ ቀረ። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ ለተጠማ ሰው ያጓጓል። ብጠጣ፣ «እሷም ጠጥታለች» ተብሎ ነገ ለሕፃን ይሰጣል፤ የተናገርኩትን ራሴ ሰረዝኩት። ባልጠጣ፣ እናቴን የሚቀብር የለም። ሰው ሁሉ አፌን ያየኛል። አጎቴም ያየኛል፤ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፣ ግን ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ጣሳውን እስከ ከንፈሬ አንስቼ መልሼ አወረድኩት፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ መጥታ ጣሳውን ከእጄ ወሰደችው። «የሷንም የምጠጣው እኔ ነኝ» አለች። «የወለድኳት እኔ ነኝ።» እኔን ሳታይ፣ እነሱን እያየች፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው። ጣሳውን ደፍታ ለአጎቴ ሰጠችው።

አበጋሩ «በቃ፤ ዕርቁ ደርሷል» አሉና እጃቸውን ለዱዓ አነሱ። ሰው አሚን አለ፤ ክርስቲያኖቹም አሜን አሉ። ሴቶቹ መጥተው እናቴን አቀፏት። እኔን ማንም አላቀፈኝም፤ ቢሞክሩም አልፈቅድም ነበር።

እስከ መንገዱ የሸኘችኝ እናቴ ናት። «አልጠጣሽም፣ ቃልሽን አላጠፍሽም። ደስ ይበልሽ» አለችኝ። እጇን ልይዝ ስል ነጠቀችኝ። «ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ ያለቀስኩት ከንዴት ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም።

ጥቂት ቀን ቆይቼ ስደውልላት ድምፅዋ ተዳክሟል። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ተቅማጡ አላስቆም አላስቀምጥ ብሏታል፣ ከመደብ መነሳት አልቻለችም።

«አሁኑኑ እመጣለሁ፤ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ» አልኳት።

«አብሽሪ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ሰው አለኝ» አለችኝ። ከኋላዋ ብዙ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሴቶች ያወራሉ፣ አንዷ ትስቃለች፣ አጎቴ በርጩማ አምጡ እያለ ያዛል። «ቅሬው በሙሉ ሊጠይቀኝ መጥቷል። አጥሚት ያላመጣ የለም። ቤቱ አልበቃ ብሎ ውጭ ተቀምጠዋል፣ ልጄዋ፣ ውጭ!»

እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት ሰምቻት አላውቅም። አሁን እንደምነሳ ልነግራት አፌን ስከፍት «በይ ሰው እያስጠበቅሁ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።